ቃሬዛ ከበደኝ አይባልም

አያ ታረቀኝ ወገዳ ላይ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጎረቤቴ ትርንጎ ናት። ገብስ እያመስሁ ነበር። በሩ ላይ ቆመች፤ አልገባችም።

«አያ ታረቀኝ አረፉ» አለችኝ።

«መቼ?»

«ትናንት ከቀትር በኋላ። ሬሳቸው መንገድ ላይ ነው።»

እጄ ማመሱን አላቆመም። ገብስ ከተዉት ያራል።

«አልቅሽ ብየ አልመክርሽም፤ አታልቅሽም አልልሽ» አለች። «እኔ ግን ሄጄ አለቅሳለሁ። ለእሳቸው መስሎሽ? የራሴ ሙታን ሞልተውኛል። በእሳቸው አሳብቤ እነሱን አለቅሳለሁ።»

ቀብር ሄድሁ። አላለቀስሁም። ሰው አየኝ፤ ታዘበኝም ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እኒያ ሰው የማውቀውን እንዳለ ለማስቀመጥ ሳስብ ኖርሁ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ነው። ያን ጊዜ በየደጁ እየዞሩ «ሴቶቹንም ላኩ፤ ማንበብ የሚያምረው በወንድ ብቻ አይደለም» ያሉት እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ይህን የምጽፍበትን ፊደል እንኳ ያገኘሁት በእሳቸው ነው። እግዚአብሔር ውለታቸውን ይቁጠርላቸው። ሌላውንም እርሱ ያውቀዋል።

አገራችን ስማዳ ነው። ከእኛ ቀበሌ ወገዳ ጤና ጣቢያ ለደኅና ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ለታመመ ሰው ሙሉ ቀን ይፈጃል። ደብረ ታቦር ድረስ ከተባለ ሦስት አራት ቀን ነው። ስለዚህ ከአያቶቻችን ጀምሮ የቃሬዛ ማኅበር ነበረን። ቃሬዛው በጠፍር የተጠላለፈ ሁለት ረጅም አጠና ነው፤ የሚቀመጠው በማርያም ደጀ ሰላም ነበር። ሰው ታመመ ሲባል ወንዱ ሞፈሩን ጥሎ ይመጣል። በጥር ማርያም፣ አዝመራው ከተወቃ በኋላ፣ እያንዳንዱ ቤት አንድ ቁና ገብስ ለማኅበሩ ይሰጣል። ገብሱ ታምሶ፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል። ተሸካሚዎቹ በመንገድ፣ አስታማሚውም ከተማ ላይ የሚበሉት ያንን ነው።

ሥርዓቱ እንዲህ ነበር፤ እህል ያለው ገብስ ይሰጣል፣ ጉልበት ያለው ትከሻ ይሰጣል፣ ሁለቱም የሌላት ባልቴት በሶ ትፈጫለች። ባለቤቴ የሞተው ልጄ የሺ ስድስት ዓመት ሲሆናት ነው። ከዚያ ወዲህ እኔም ትርንጎም ከፈጪዎቹ ነበርን። ሰባት ባልቴቶች ነበርን። በፈጨነው አላፈርንም፤ ማንም አላሳፈረንም።

የማኅበር መሪን ሙሴ እንላለን። የቃሬዛ ማኅበር ሙሴ አያ ታረቀኝ ነበሩ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ናቸው። ቀኝ ትከሻቸው ከግራው ዝቅ ያለ ነበር፤ ከማጅራታቸው ሥር እንደ በሬ ጫንቃ ጠጥሯል። የሚከብድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ያንን የጠጠረ ቦታ በግራ እጃቸው ያሹታል። ሳይናገሩ በፊት እጃቸውን አይተን እንዘጋጅ ነበር።

ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው የአገሩ ሕግ ነው፤ ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ሰው፣ መንገደኛም ይሁን ደመኛ፣ ጥቂትም ቢሆን ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ሁለተኛው የራሳቸው ነበር፤ «ቃሬዛ ከበደኝ አይባልም። በሽተኛው ይሰማል» ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ አንድ ወፍራም ቄስ ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ «አባ ምን ቢበሉ ነው እንዲህ የከበዱ!» አለ። አያ ታረቀኝ ቃሬዛውን በባላ አስደግፈው አቆሙ። ወደ ልጁ ዞሩ።

«ውጣ።»

«አያ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

«ቀልድህን ይዘህ ከኋላ ና። የበሶውን ስልቻ ተሸከም፤ እሱ አይሰማም።»

ዓመት ሙሉ ቃሬዛ አላስነኩትም። ልጁ በመጨረሻ ሽማግሌ ልኮ ነው የታረቃቸው።

እኔንም ተሸክመውኛል። የሺን በወለድሁ በሳምንቴ ትኩሳት ያዘኝ። ክረምት ነበር፤ ወንዙ ሞልቷል። የማስታውሰው ጥቂት ነው። ሰማዩ ከላዬ ይወዛወዛል፤ ውኃ ይጮኻል። ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው እስከ ብብታቸው ውኃ ውስጥ ገቡ። አንዱ ሲያቃስት ሰማሁ። የሞትሁ ያህል አፈርሁ።

«ከበድኋችሁ?» አልሁ።

«አንቺ?» አሉ አያ ታረቀኝ ከግርጌየ። «እንጉዳይ ብለው የሰየሙሽ አውቀው ነው። እንጉዳይ ደግሞ ማንን ከብዶ ያውቃል?»

ሁሉም ሳቁ። ውኃው መሀል ሆነው ሳቁ። ዳገት ሲሆን ክብደቱ የሚያርፈው ከግርጌ በኩል ባለው ላይ ነው፤ ቁልቁለት ሲሆን ከፊት ባለው ላይ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚከብደውን ጫፍ ይይዙ ነበር፤ ሌላው ሲቀያየር እሳቸው አይቀየሩም። ወገዳ ስንደርስ ጋቢያቸው ትከሻው ላይ በደም ተነክሯል። ጤና ጣቢያው ታክሜ ዳንሁ። የሺን ያሳደግኋት በእግዚአብሔር ቸርነትና በዚያ ትከሻ ነው። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ኃጢአት ይሆንብኛል።

ከሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግሥት ነገር ከበደ። ሕመም በዛ። ከገበሬ ማኅበሩ የነፃ ሕክምና ወረቀት ይዞ የሄደ ሰው ምርመራውን በነፃ ያገኛል፤ መድኃኒቱ ግን ሲጠፋ ከከተማ መገዛት አለበት። ከወገዳ ወደ ደብረ ታቦር መሻገርም ተለመደ። ተሸካሚው የአንድ ቀን ስንቅ ይበላ የነበረው የሳምንት ይበላ ጀመር። ገብሱም ገሚሱ ለመድኃኒት ይሸጣል። የጥር ገብስ ለግንቦት አልደርስ አለ። «መዋጮው ወደ ሦስት ቁና ይጨመር» የሚል ንግግር ተነሣ። ያን ዓመት በቤተ ክርስቲያን ቅጥርም፣ በገበያ መንገድም፣ በአጨዳም ላይ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ሁለት ጥማድ በሬ ያለው ሰው «በሽታ በሬ ቆጥሮ አይገባም። ሁሉም እኩል ያዋጣ» ይላል።

በሬ የሌለው «ለእኔ ሦስት ቁና የዘሬ ገሚስ ነው። ዘሬን በልቼ ልታከም?» ይላል።

ሌላው ደግሞ «በእኔ ቤት በሦስት ዓመት አንድ ሰው አልታመመም። ለሰው ቁርጠት እኔ ምን አገባኝ?» አለ አንድ ቀን፣ ከቅዳሴ ስንወጣ።

አያ ታረቀኝ ሰሙት።

«ያልታመምህበት ትርፍህ ነው» አሉት። «ገብሴ በከንቱ ቀረ የምትል ከሆነ ግን ማርያምን ለምናት። ትንሽ ቁርጠት አታጣልህም።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሰውየውም አብሮ ሳቀ። በዚያ ዓመት ያለ ማጉረምረም ሰጠ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ግን ሌላ አሳብ ነበረው። የቃሬዛ ማኅበር የቄሶች ማኅበር ነው፤ ቃሬዛውም ገብሱም ወደ ገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ይግባ፤ ቤት ሁሉ እኩል ሦስት ቁና ያምጣ፤ ያልሞላ አይሸከሙትም አለ። ስለ እኛ ስለ ፈጪዎቹ ተጠይቆ «በሶ መፍጨት መዋጮ አይባልም። የሴት የቤት ሥራ ነው» አለ።

ነገሩ እሑድ በስብሰባ ሊወሰን፣ ሐሙስ ዕለት አያ ታረቀኝ እኛ ወደምንፈጭበት ቤት መጡ። ሰባታችንም ነበርን። ወፍጮ አቆምን። ትከሻቸውን አሹ።

«እሑድ እኔ እናገራለሁ» አሉ። «በበሬ ይሁን እላለሁ። ጥማድ ያለው ሦስት ቁና፣ አንድ በሬ ያለው ሁለት፣ በሬ የሌለው አንድ። ባልቴት እንደ ጥንቱ በወፍጮዋ።»

«እኛም እንናገራለን» አለች ትርንጎ። «ምላስ አላነሰን።»

«ያንቺ ምላስ አነሰ ያለ ማን አለ? ተርፎ ለጎረቤት ይበቃል።» ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። «ስሙኝ፣ ልጆቼ። እናንተ ከተናገራችሁ ሴቶች አመፁ ይባላል፤ ነገሩ ወደ ጠብ ይዞራል። እኔ ልናገር። እናንተ ዝም ብላችሁ ከኋላዬ ቁሙ። ዝምታችሁ ይበቃኛል።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«እንጉዳይ፣ አደራ። ያዢልኝ እኒህን። በተለይ ያችን» ብለው ትርንጎን በአገጫቸው አሳዩኝ።

«እሺ አያ» አልሁ። አደራ በልቼ አላውቅም።

እሑድ ሰዉ ከቅዳሴ ወጥቶ በገበሬ ማኅበሩ ደጅ ተሰበሰበ። ሊቀ መንበሩ ብዙ ተናገረ። ከዚያ «አያ ታረቀኝ የማኅበሩ ሙሴ ናቸው፤ አሳባቸውን ይስጡ» አለ። ተነሡ። እጃቸውን አየሁ። ትከሻቸውን አላሹም። ሁለቱም እጆቻቸው በጋቢያቸው ውስጥ ነበሩ።

«ዘመኑ ከብዷል» አሉ። «ሁሉም እኩል ሦስት ቁና ያዋጣ። ቃሬዛው ወደ መጋዘን ይግባ። ወፍጮው ይቅር።»

ተቀመጡ። ይህን ብቻ ነው የተናገሩት። እሳቸው ነገር ከበደ ብለው ሲያማርሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ትርንጎ ልትነሣ ስትል እጇን ያዝኋት።

«ልቀቂኝ! አልሰማሽም ያሉትን?»

«ቆይ» አልኋት። «ሳያውቁ አይናገሩም። የሚጨምሩት ይኖራል። ዝም በይ።»

በእውነት እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ሰውየው ብልኀት ያዘጋጁ መሰለኝ። ትርንጎን በግራ እጄ፣ ሌላይቱን በቀኝ እጄ ይዤ፣ ስድስት ሴት ዝም አሰኝቼ የሚጨምሩትን ጠበቅሁ። ሊቀ መንበሩ «የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለ። የእኔ እጆች አደራ ይዘው ነበር። ማንም አላወጣም። ጸሐፊው «በሙሉ ድምፅ» ብሎ ጻፈ። አያ ታረቀኝ አንድ ጊዜም ወደ እኛ አልዞሩም።

ቃሬዛው ከደጀ ሰላም ተነሥቶ መጋዘን ገባ። የመጋዘኑን ቁልፍ ለአያ ታረቀኝ ሰጧቸው። ከማተባቸው ጋር ባንገታቸው አሰሩት። እኔ በጥር አንድ ቁና ሰጠሁ። ሌላ አልነበረኝም።

በመጋቢት የሺ ልትወልድ እኔ ዘንድ መጣች። የመጀመሪያዋ ነበር። ባሏ ከስምንት ወር በፊት ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ነበር። ማክሰኞ ምጥ ያዛት። ረቡዕ ሲነጋ ልጁ አልመጣም። አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጥታ «ይህ ከእኔ በላይ ነው፤ ወገዳ አድርሷት» አለችኝ።

ሮጥሁ። አያ ታረቀኝ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩና ጸሐፊው አብረዋቸው ነበሩ።

«አያ ታረቀኝ፣ የሺ በምጥ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ቃሬዛውን ይስጡኝ።»

ብድግ አሉ። እጃቸው ወደ ቁልፉ ሄደ። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ እጃቸው ሄዷል።

«መዝገቡ ይታይ» አለ ሊቀ መንበሩ።

ጸሐፊው አገላበጠ። «አንድ ቁና ሰጥታለች። ሁለት ይቀራታል።»

«እከፍላለሁ» አልሁ። «ፍየሏን እሸጣለሁ። አሁን ግን ልጄን አድኑልኝ።»

«ለአንድ ሰው ደንብ ከተጣሰ ለሁሉም ተጣሰ» አለ ሊቀ መንበሩ። ከዚያ አያ ታረቀኝን አያቸው። «አይደለም እንዴ?»

እኔም አየኋቸው። እጃቸው ከቁልፉ ወረደ። መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ።

«ደንቡ ሲወጣ ነበርሽ፣ እንጉዳይ። ዝም ብለሽ ነበር።»

ዛሬ ድረስ ይሰማኛል። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ለስለስ ያለ ነበር። ዝም በሉ ያሉን እርስዎ አይደሉም ወይ ልል ይገባኝ ነበር። እንደዚያ ያለ ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብሁም ነበርና አፌ አልተዘጋጀም። ዞሬ ሮጥሁ።

ቤት ስደርስ ትርንጎ የጠፍር አልጋዬን ከደጅ አውጥታ ሁለት አጠና ታስርበታለች። ሳልነግራት ፊቴን አይታ ዐወቀች።

«ወንድ ቢጠፋ ሴት ትከሻ የላትም?» አለች። «ነይ፣ ያዥ።»

አራት ባልቴቶች መጡ፤ ከእኔና ከትርንጎ ጋር ስድስት ሆንን። ሰባተኛዋ ታማ ተኝታ ነበር እንጂ እሷም ትመጣ ነበር። ሴት ቃሬዛ ስትሸከም በአገራችን ታይቶ አይታወቅም። የትኛው ጫፍ በዳገት እንደሚከብድ እንኳ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ እሱንም ተኝቼበት ነው የተማርሁት። የገበያ ቀን ስላልነበር መንገዱ ጭር ብሏል። እስከ ወንዙ ድረስ አንድ ሰው አላገኘንም። የሺ ስታምጥ አጠናውን በጥርሴ ልነክሰው ደረስሁ። ማናችንም ከበደኝ አላልንም።

ከወንዙ ማዶ ሁለት ነጋዴዎች አገኙን። አህዮቻቸውን ትተው ሮጠው ትከሻ ሰጡን።

«እናቶቼ፣ ወንዶቻችሁ የት ገቡ?» አለ አንዱ።

«ደንብ ያነባሉ» አለች ትርንጎ።

የማያውቁን ሰዎች ወገዳ ድረስ አደረሱን። አህዮቻቸውን ማን እንደጠበቀላቸው አላውቅም። ስማቸውንም አልጠየቅሁም። በጸሎቴ «እኒያ ሁለቱ» እያልሁ አነሣቸዋለሁ፤ እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል።

የጤና ጣቢያው ሐኪም፣ ድሬሰሩ፣ እና አንዲት ነርስ የሚችሉትን አደረጉ። የሺ ዳነች። ተመስገን። ልጁ ወንድ ነበር፤ ትንፋሽ አልነበረውም። ድሬሰሩ እጁን እያደረቀ «ጥቂት ቀድማችሁ ብትደርሱ ኖሮ» አለና አየኝ። የሺ ከዚያ በኋላ አልወለደችም።

ከተመለስን በሁለተኛው ሳምንት አያ ታረቀኝ ደጄ መጡ። ሁለት ቁና ገብስ በትከሻቸው ተሸክመዋል። የጎደለኝ መሆኑ ነው። ከደጃፉ አስቀምጠው ቆሙ። እኔ ከውስጥ አየኋቸው፤ አልወጣሁም። ትከሻቸውን አሹ። ከዚያ ሳይናገሩ ሄዱ።

«ገብስ ምን በደለ?» አለች ትርንጎ። «ካልፈለግሽው እኔ ልውሰደው።»

ለማርያም ሰጠሁት።

ያን ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ የአያ ታረቀኝ ልጅ ሙሉቀን በሬ ጠምዶ መጥቶ ማሳዬን ማረስ ጀመረ። ማንም አልጠራውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጠላ ይዤለት ወጣሁ።

«አባትህ ናቸው የላኩህ?»

«አይ። ቢያውቅ አይወድም።»

ጠላውን ጠጣና ጽዋውን ሳይመልስልኝ ይዞ ቆየ።

«እማ እንጉዳይ፣ ሊቀ መንበሩ የእኔን ስም ከዘማቾቹ ዝርዝር የሰረዘው ቅዳሜ ነው» አለኝ። «የቃሬዛው ስብሰባ በማግሥቱ እሑድ ነበር።»

«እንኳን አተረፈህ» አልሁት። ከልቤ ነው ያልሁት። እናት ነኝ። ልጅን ከጦር ለማስቀረት ሰው ምን እንደሚሰጥ አውቃለሁ። ተራው የእኔ ቢሆን ምን እንደማደርግ እግዚአብሔር አያሳየኝ። የሦስቱን ቁና ይቅር አልኋቸው። የመጋዘኑን ቁልፍም ይቅር አልሁ። «ዝም ብለሽ ነበር» ያሉኝን ግን አልቻልሁም። የእኔ ዝምታ የእሳቸው አደራ ነበር። አደራቸውን ጠብቄ ብመልስላቸው በልጄ ላይ በር ዘጉበት።

ለነፍስ አባቴ ነገርኋቸው።

«ይቅር በያቸው» አሉኝ።

«ብያለሁ፣ አባ።»

«ታናግሪያቸዋለሽ?»

«አላናግራቸውም።»

«እንዲህማ ይቅርታ የለም።»

«እንግዲያው ገና ነኝ፣ አባ።»

አባ ስግደት ጨመሩልኝ። ሰገድሁ። ግን አላናገርኋቸውም። በቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ በወንዶቹ በር ይቆማሉ፣ በሴቶቹ በር እቆማለሁ። እጅ ይነሡኛል፤ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። ቃል ግን የለም። አምስት ዓመት እንዲህ ሆነ።

በኋላ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ሰዉ ሦስቱን ቁና መስጠት ቀስ በቀስ ተወ፤ ሊቀ መንበሩም ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ። ቃሬዛው ምንም ስብሰባ ሳይደረግ ወደ ደጀ ሰላም ተመለሰ። ማን እንደመለሰው ሁሉም ያውቃል፤ ቁልፉ የነበረው በአንድ ሰው አንገት ላይ ነው። ሙሴነቱን ግን ማንም መልሶ አልሰጣቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ቃሬዛ ሲያልፍ ከኋላ የበሶውን ስልቻ ተሸክመው ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ።

እሳቸው ያረፉበት ዓመት፣ የደርግ መጨረሻ አካባቢ፣ በሰፈራችን ጎልማሳ አልነበረም። ገሚሱ ግንባር ነው፤ ገሚሱ ከአፈሳ ሸሽቶ ቆላ ወርዷል። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቃሬዛ በደጄ መጣ። የያዙት ሙሉቀንና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ፤ አራተኛው ጫፍ በአንድ ዲያቆን እጅ ነበር፤ ዲያቆኑ ያነክሳል። የተኙትን ማንነት ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ሙሉቀን ከግርጌ በኩል ይዟል።

ቃሬዛ ሲያልፍ ያየ ትከሻውን ሳይሰጥ አያልፍም። ባላይ ኖሮ እወድ ነበር። አይቻለሁ።

ነጠላዬን ታጥቄ ወጣሁና የዲያቆኑን ጫፍ ተቀበልሁ። ከግርጌ፣ ከሙሉቀን ጎን ነው። ከደጄ በኋላ መንገዱ ዳገት ነው። በዳገት የበሽተኛው ራስ ወደ ላይ ስለሚሆን ከግርጌ ያለውን ሰው ፊት ለፊት ያያል። ስለዚህ ዳገቱን ሁሉ እየተያየን ወጣን። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ነበር። ዐይናቸው ገብቷል።

«እንጉዳይ ነሽ?» አሉ።

አልመለስሁም።

ጥቂት ሄድን። ላብ ዐይኔ ውስጥ ገባ። አጠናው የትከሻዬ ሥጋ ውስጥ ገባ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ሙሉቀን አየኝ።

«እማ፣ ከበደሽ? ላስቁማቸው?»

የአባቱ ዐይን እኔ ላይ ነበር። ይሰማሉ።

«አልከበደኝም» አልሁ።

ዐይናቸውን ጨፈኑ። ከጨፈኑበት እንባ ወጥቶ ወደ ጆሮአቸው ወረደ። እንዳይወድቁ ከነእጃቸው በጠፍር ታስረው ነበርና አልጠረጉትም። እኔም እጄ ተይዟል።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ከወዲያኛው መንደር ሰዎች ደረሱልን። ጫፉን አስረከብሁና ተመለስሁ። ወገዳ ለሚያስታምሟቸው በሶ እንድልክ ገብስ አወረድሁ። በሦስተኛው ቀን እሱን እያመስሁ ሳለሁ ነው ትርንጎ በሩ ላይ የቆመችው።

በአምስት ዓመት ውስጥ ከአፌ የሰሙት ያንን አንድ ቃል ብቻ ነው። እውነት አልነበረም። ሕጋቸውን ጠብቄ ነው የተናገርሁት። አሁን ማርያም ቅጥር ውስጥ ናቸው፤ አይሰሙኝም።

ከብደውኝ ነበር።